ለባዶ እግር ፈረስ 80 ዶላር? ከ11 ወር በኋላ የምሰጠው አስተያየት

የምገመግመው የፈረሴን የብረት ጫማ አውልቃ ሰኮናውን የምትሞርድና የምታድን ባለሙያ ነው። መጀመሪያ ውጤቱን ልናገር። የከፈልኩት አይቆጨኝም። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዷን ኮከብ ለምን እንደያዝኩባት ወደታች እመጣበታለሁ። ታሪኩ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ጓደኞቼ ሁሉ ቤት ሲገዙ እኔ ፈረስ የገዛሁ ሰው ነኝ። ምን ላድርግ፣ ያደግኩት እንጅባራ አጠገብ ነው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲደርስ አባቴ ፈረሱን ሲያጥብና ሲያስጌጥ እያየ ያደገ ልጅ፣ አርባ ዓመት አልፎት እንኳ ፈረስ ሲያይ አንገቱ ይዞራል። ፈረሴ ያለው ሎደን ካውንቲ ውስጥ አንድ እርሻ ላይ ነው፣ ከቤቴ 50 ደቂቃ። ከእሽቅድምድም ጡረታ የወጣ ቶሮብሬድ (የእሽቅድምድም ፈረስ ዝርያ) ነው፣ ዕድሜው 9። በመዝገብ ላይ ያለው ስሙ ለመጥራት ትንፋሽ ስለሚያስጨርስ፣ መልኩንም አይቼ፣ ዳማ አልኩት። ስለዚህ አበሻ ወዳጆቼ እኔን «አባ ዳማ» ይሉኛል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ እኔ ደግሞ በየ5 ሳምንቱ ሰኮና የማስሞርደው አባ ዳማ።

ስገዛው አራቱም እግሩ ላይ የብረት ጫማ ነበረው። የሸጠልኝ ሰው «ሰኮናው ትንሽ ደከም ይላል» ብሎኝ ነበር። ትንሽ! የፊት ቀኝ ሰኮናው ጎን ላይ ከላይ ከፀጉሩ ሥር ጀምሮ እስከ መሬት የሚወርድ ስንጥቅ ነበረበት። ሚስማር የተመታበት ቦታ ሁሉ ተፈርፍሯል። ጫማው በተነቀለ ቁጥር የሰኮናውን ግድግዳ ቦጭቆ ይሄዳል፣ ከዚያ ለአዲሱ ሚስማር ጤነኛ ቦታ ስለሚጠፋ ሚስማሩ ከፍ ተደርጎ ይመታል፣ እሱም ደግሞ በተራው ይፈረፈራል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የሰኮናው ጫፍ እንደ ሸበጥ ወደፊት ረዝሟል። ተረከዙ ደግሞ ወደፊት ተኝቶ ተጨፍልቋል።

ከሥር ገልብጣችሁ ስታዩት ይብሳል። የፈረስ ሰኮና ሥር መሃል ላይ ሦስት ማዕዘን የሆነ፣ እንደ ላስቲክ ለስላሳ ክፍል አለ። እዚህ «ፍሮግ» ይሉታል። ጤነኛ ሲሆን ወፍራምና ሰፊ ነው። የዳማ ግን እንደ ደረቀ ቃሪያ ተኮማትሮ ነበር፤ መሃሉ ላይ ባለው ስንጥቅ የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ስከት እስከ ግማሹ ገባ፣ ዳማም እግሩን ነጠቀኝ። ሽታውን አልነግራችሁም፣ ምግብ እየበላችሁ ይሆናል። ትራሽ የሚሉት የሰኮና መበስበስ ነው።

በየ6 ሳምንቱ ይመጣ የነበረው ጫማ መቺ 220 ዶላር ይወስዳል። ስንጥቁን ሳሳየው ከጫማው ሥር ፕላስቲክ ማስገባት አለብን፣ ሂሳቡም ከፍ ይላል አለኝ። ሰውየው መጥፎ ሰው አይደለም። ግን አንድም ቀን ፈረሱ ሲራመድ ቆሞ አላየውም። መጣ፣ መታ፣ ሄደ።

ሐኪሟ ራጅ አነሳችው። (ሊስበርግ ላይ የቨርጂኒያ ቴክ የፈረስ ሆስፒታል አለ፣ ከበድ ያለ ነገር ሲሆን ሰው ፈረሱን እዚያ ይወስዳል፤ ለዚህ ግን ሐኪሟ ተንቀሳቃሽ ማሽን ይዛ እርሻው ድረስ መጣች።) የሰኮናው ሥር በጣም ሳስቷል፣ ጫፉም ረዝሟል አለች። «በጫማም ሊድን ይችላል፣ ያለ ጫማም ሊድን ይችላል፤ የትኛውንም ብትመርጥ አንድ ዓመት ስጠው» አለችኝ። እዚያው እርሻ ላይ ፈረስ ያላት አንዲት ሴት ናት ጫማ አስወልቃ ሰኮና የምታድን ባለሙያ እንዳለች የነገረችኝ።

አባቴ ጋ ደወልኩ።

«አባዬ፣ የፈረሱን ጫማ ላስወልቅ ነው።»

«እሺ።»

«የምትሠራው ሴት በየ5 ሳምንቱ 80 ዶላር ትወስዳለች።»

ዝም አለ። ቆይቶ «ለየትኛው ጫማ?» አለኝ።

«ጫማ የለም። ባዶ እግሩን እንዲሄድ ነው።»

«ልጄ፣ ባዶ እግሩን የሚሄድ ፈረስ ለማየት ነው አሜሪካ የሄድከው? እዚህ ሞልቶልህ የለ!»

ሳቅኩ እንጂ ምን እላለሁ። ሰውየው እውነቱን ነው። እኛ አገር ገጠር ውስጥ የብረት ጫማ ያየ ፈረስ ስንት ነው? ባለሙያዋም ስትመጣ ይህንኑ ነገርኳት፣ ጫማ ሳያደርጉ ዳገት ቁልቁለት የሚጋልቡ ፈረሶች መሃል ነው ያደግኩት አልኳት። «የአባትህ ፈረስ በቀን ስንት ሰዓት ይራመዳል?» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ። «ምን ይበላል?» ሣር፣ ድርቆሽ፣ አንዳንዴ ገብስ። «ምን ላይ ይሄዳል?» ድንጋይ፣ ጭቃ፣ ሁሉም ላይ። ከዚያ ወደ ዳማ ጋጣ በአገጯ ጠቆመች። ዳማ በቀን 20 ሰዓት ለስላሳ የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ቆሞ፣ ሞላሰስ የተለወሰ መኖ እየበላ ነው የሚውለው። ገባኝ። ጫማው ከችግሩ ግማሹ እንኳ አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ሁለት ሰዓት ፈጀ፣ 140 ዶላር ከፈልኩ። የገረመኝ ለ40 ደቂቃ ያህል አንድም መሣሪያ አለመንካቷ ነው። ዳማን ኮንክሪት ላይ አስኬደችው፣ አዞረችው፣ ስልኳን መሬት ላይ አስተኝታ በዝግታ የሚታይ ቪዲዮ ቀረጸች። ከዚያ አሳየችኝ። ዳማ ሲራመድ መጀመሪያ የሚያሳርፈው የሰኮናውን ጫፍ ነው። ጤነኛ ፈረስ ተረከዙን ያስቀድማል፣ ወይም ሙሉ ሰኮናውን እኩል ያሳርፋል። ተረከዙን የሚያመው ፈረስ ነው በጫፉ የሚሄደው፣ ልክ እሾህ የወጋው ልጅ በጣቱ እንደሚሄደው። ተረከዙን ስላላሳረፈው ደግሞ ፍሮጉ ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ ፍሮግ ይኮማተራል፣ ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስ የበለጠ ያመዋል። ሰኮና ድፍን እንጨት ይመስለን ነበር እንጂ ለካ ፈረሱ ክብደቱን ሲጥልበት ከኋላው በኩል ከፈት ይላል፣ ሲያነሳው ይሰበሰባል። ብረት ዙሪያውን ሲቸነከርበት ይህ መከፈትና መሰብሰብ ይቀንሳል፣ ክብደቱም ከሥሩ ይልቅ ግድግዳው ላይ ይወድቃል።

ከዚያ አራቱንም እግር ከጎን፣ ከፊት፣ ከሥር ፎቶ አነሳች። የመኖውን ከረጢት ገልብጣ ጽሑፉን አነበበች። ሰው የሩዝ ከረጢት ላይ የተጻፈውን እንኳ አያነብም!

ጫማውን ስታወልቅ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ እያቃናች ነው የነቀለችው፣ ምንም ሳይቦጨቅ። እኔ አሁን በቢላ ትቀርፀዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። የሰኮናውን ሥር ግን ቢላ አላስነካችም። «የሳሳ ነገር ላይ ምን ትቀንሳለህ?» አለችኝ። ጉጠቷን አንስታ የረዘመውን ጫፍ ትንሽ ቆረጠች፣ ከዚያ በሞረድ ዙሪያውን አድቦልቡላ ሞረደችው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጠርዙ ስል ሆኖ ከቀረ፣ የተሰነጠቀ ጥፍር ጨርቅ ሲይዘው እንደሚነጨው፣ መሬቱ ግድግዳውን በያንዳንዱ እርምጃ ወደ ውጭ ይገነጥለዋል። ይህ አሞራረድ የመጣው ከዱር ፈረሶች ነው። በ1980ዎቹ አንድ አሜሪካዊ ጫማ መቺ ከኔቫዳ አካባቢ የዱር ፈረሶች ኋላ ዞሮ ሰኮናቸውን ሲያጠና፣ ማንም ሳይነካቸው ጠርዛቸው በድንጋይ ተሽሮ ድብልብል ብሎ አገኘው። ሰውየው ከዚያ በኋላ ብረት መምታቱን ትቶ የዚህ ነገር ዋና ሰባኪ ሆነ።

ስንጥቁንስ? በምንም አልሞላችውም። ከሥሩ ያለውን ትንሽ አነሳችለትና መሬት እንዳይነካ አደረገችው። የፈረስ ሰኮና በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ያድጋል፣ ከፊት ከላይ እስከ ታች ሙሉ በሙሉ ለመታደስ ከ9 እስከ 12 ወር ይፈጃል። ሰኮና እንደ ጥፍር ስለሆነ የተሰነጠቀው አይጋጠምም፤ ከላይ አዲሱ እየወረደ አሮጌውን ገፍቶ እስኪያወጣው መጠበቅ ብቻ ነው። «የምንሠራው ስንጥቁን ለማዳን አይደለም፣ አዲሱ እንዳይሰነጠቅ ነው» ያለችኝ እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ የቤት ሥራ። በደረሰኙ ጀርባ ላይ ጻፈችልኝ፣ ማቀዝቀዣዬ ላይ እስከዛሬ ተለጥፏል። ሞላሰስ ያለው መኖ ይቁም። ድርቆሹ ከመብላቱ በፊት ለአንድ ሰዓት ውሃ ውስጥ ይዘፍዘፍ፣ ውሃውም ይደፋ፤ ስኳሩ ይቀንሳል። ዚንክና መዳብ ያለበት ማዕድን፣ በቀን 20 ሚሊግራም ባዮቲን (የቫይታሚን ዓይነት ነው)፣ ጨው። ሰኮናው በየቀኑ ይጽዳ። ከጋጣ ወጥቶ ይዋል ይደር። ድርቆሹም በአንድ ቦታ ሳይሆን በሜዳው ላይ በአምስት ቦታ ይቀመጥ፣ እየተራመደ እንዲበላ። የእርሻው ባለቤት ይህን የመጨረሻውን ስነግራቸው እንደ እብድ አዩኝ፣ ግን ፈቀዱ።

የመጀመሪያው ወር ፈተና ነበር። ዳማ ኮረት ላይ ሲረግጥ ጫማውን ወንዝ የወሰደበት የከተማ ልጅ ይመስላል። ለዚህ ቡት የሚባል ነገር አለ፣ ከላስቲክ የተሠራ የፈረስ ጫማ፣ ሲያስፈልግ የሚደረግ፣ ሳያስፈልግ የሚወልቅ። እኔ ቸኩዬ ኢንተርኔት ላይ 190 ዶላር ከፍዬ አዘዝኩ። ስህተት! የለካሁት ሰኮናው ሳይሞረድ በፊት ነበር፣ ያውም ወርዱን ብቻ። በሦስተኛው ቀን ተረከዙን ላጠው። ልመልስ ብል ጭቃ ነክቶታል ብለው አልተቀበሉኝም። ባለሙያዋ መጥታ ስታየው ምንም አላለችም፣ መኪናዋ ውስጥ ካለው የናሙና ሳጥን አራት ዓይነት ለክታ የሚሆነውን ነገረችኝ፣ ያገለገለ በ90 ዶላር አገኘሁ። ውስጡ አንድ ሴንቲሜትር ከምናምን ውፍረት ያለው ስፖንጅ ይደረግበታል። ቀን ቀን እያደረግን፣ ማታ አየር እንዲያገኝ እያወለቅን ሁለት ወር ሄድን። ቡት የምትገዙ ሰዎች ከሞረድ በኋላ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ወርዱንም ርዝመቱንም ለኩ፣ ከዚያ ለባለሙያው አሳዩ፣ ከዚያ ግዙ።

የፍሮጉ መበስበስ በስድስት ሳምንት ጠፋ። በየቀኑ በብሩሽና በጨው ውሃ አጥቦ ማድረቅ፣ ከዚያ ስንጥቁ ውስጥ የመዳብ ሰልፌት ያለበት ቅባት በጎዝ (የቁስል መሸፈኛ ጨርቅ) ቁራጭ መጠቅጠቅ። አሰልቺ ነው። ከሥራ በኋላ 50 ደቂቃ ነድቶ፣ በጨለማ፣ በብርድ፣ ግንባር ላይ መብራት አስሮ የፈረስ እግር ሥር መንበርከክ። አንዳንድ ቀን ራሴን «አሁን ይሄ ምን የሚሉት ነው?» ብዬ ጠይቄያለሁ።

በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት የእርሻው ሠራተኛ ደወለልኝ። ዳማ በሦስት እግሩ ቆሟል። ስደርስ የፊት ግራ እግሩን መሬት ማስነካት አልቻለም፣ ሰኮናው ይፋጃል። ተሰበረ ብዬ ልቤ ቀጥ ሊል ነበር። ለባለሙያዋ ደወልኩ፣ ፎቶ ላኩላት። እዚህ ላይ ነው የወደድኳት። «ይህ የኔ ሥራ አይደለም፣ አሁኑኑ ሐኪም ጥራ» አለችኝ። ሐኪሟ መጣች፣ ሰኮናው ውስጥ መግል ቋጥሯል፣ ከፍታ አፈሰሰችው፣ 310 ዶላር። ጫማ የወለቀለት ደካማ ሰኮና ላይ ይህ ማጋጠሙ ብርቅ አይደለም አለች።

ከዚያ በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውሃና ኤፕሰም ሶልት በሚባል ጨው መዘፍዘፍ፣ ከዚያ መጠቅለል። የሚጠቀለለው በምን መሰላችሁ? በሕፃን ዳይፐር! ዳይፐሩ ሰኮናው ላይ ልክ ነው የሚሆነው፣ ከላዩ በወፍራም ፕላስተር ይታሸጋል። አሌክሳንድሪያ አንድ ሱቅ ገብቼ ትልቁን ካርቶን ይዤ ስወጣ ካሸሯ አበሻ ነበረች። ፈገግ ብላ «እንኳን ማርያም ማረቻት! ወንድ ነው ሴት?» አለችኝ። «ፈረስ ነው» አልኳት። እስከ ዛሬ እዚያ ሱቅ ስሄድ ሌላኛው ካሸር ጋ ነው የምሰለፈው።

አሁን ወደ ኮከቧ ልምጣ። ጃንዋሪ ላይ ቀጠሮ ነበረን። ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ በረዶ ላይ ቆሜ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። አልመጣችም፣ አልደወለችም። ማታ ላይ «ይቅርታ፣ ሌላ ቦታ ፈረስ ታሞብኝ ነው» የሚል መልእክት ላከች። ምክንያቱ ይገባኛል፣ ግን አንድ መስመር መጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አምስት ሳምንቱ ሰባት ሆነ፣ የዳማ ጫፍም ወዲያው መርዘም ጀመረ። በቀጣዩ ቀጠሮ ደግሞ ያለፈውን ለማካካስ መሰለኝ ከወትሮው ጠለቅ አድርጋ ሞረደች፣ ፈረሱም አራት ቀን ታመመ። ስነግራት አልተከራከረችም። «አበዛሁት፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ የሚቀጥለውን በነፃ ሠራች። ስህተቱን የሚያምን ባለሙያ አይገኝም፣ ለዚህ አከብራታለሁ። ኮከቧን ግን አልመልስም።

ሌላው ስብከቷ ነው። ብረት ለሷ ኃጢአት ነው። ጫማ ያደረገ ፈረስ ባለፈ ቁጥር ከንፈሯን ትመጣለች። እዚህ ላይ አንስማማም። ቀኑን ሙሉ አስፋልት ላይ ጋሪ የሚጎትት ፈረስን ጫማ ዛሬ አውልቆ ነገ ሥራ ማሰማራት ጭካኔ ነው፣ ሰኮናው ከሚያድገው በላይ ያልቃል። አንዳንድ በሽታም አለ፣ ሐኪሙ ራሱ ልዩ ጫማ የሚያዝበት። እሷ ይህን ስነግራት ወሬ ትቀይራለች።

ጸደይ ሲመጣ ሌላ ጣጣ። የቨርጂኒያ መስክ ኤፕሪል ላይ እንደ ምንጣፍ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሰው ያያል «እንዴት ደስ ይላል» ይላል፣ የፈረስ ባለቤት ግን ይጨነቃል። ያ ለምለም ሣር ስኳር ነው። ስኳር የበዛበት ፈረስ ላሚናይቲስ ይይዘዋል፣ ሰኮናውንና ውስጥ ያለውን አጥንት የሚያያይዘው ሥጋ ይቆጣል፣ ሲብስ አጥንቱ ከቦታው ይለቃል። ቀለል ያለው እንኳ ሰኮናው ላይ ቀለበት ትቶ ያልፋል፤ የዳማ አሮጌ ሰኮና ላይ እነዚያ ቀለበቶች ነበሩ፣ ለካ ማንም ሳያውቅለት ስንት ጊዜ ታሟል። ስኳሩ ከፍ የሚለው ፀሐይ ሲውል ከሰዓት በኋላ ነው፣ ውርጭ ካደረበት ምሽት በኋላም እንዲሁ። ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ብቻ ይግጣል፣ ያውም አፉ ላይ መከልከያ ታስሮለት። ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ ሁለት ጣት አድርጌ የደም ምቱን መያዝም ተምሬያለሁ። ጤነኛ ከሆነ ለማግኘት ትቸገራላችሁ። ጠንክሮ የሚመታ ከሆነ ሰኮናው ውስጥ የሆነ ነገር አለ፣ ስልክ ወደ ሐኪም ነው።

በስድስተኛው ወር ውሃ መጠጫው ዙሪያ ጠጠር አስደፋሁ። ክብ ክብ የሆነ የወንዝ ጠጠር፣ ወደ 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት፣ 160 ዶላር ከኪሴ። ፈረሱ ውሃ በጠጣ ቁጥር ላዩ ላይ ይቆማል፣ ፍሮጉና የሰኮናው ሥር ይታሻል፣ ይጠነክራል። አዲስ ዘዴ እንዳይመስላችሁ። ግሪካዊው ዜኖፎን ከ2,300 ዓመት በላይ በፊት የጦር ፈረሶች ሰኮና እንዲጠነክር ክብ ድንጋይ የተደፋበት ግቢ ላይ ይቁሙ ብሎ ጽፏል። ያኔ የሚቸነከር ጫማ ግሪክ አገር አልነበረም። ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ በጣም የጠቀመኝ ይህ ጠጠር ነው ብል አላጋነንኩም፤ ዳማ ሲሞቀው እንኳ ጥላውን ትቶ እዚያ መቆም ይወዳል።

አሁን 11ኛው ወር ነው። ከላይ የወረደው አዲሱ ሰኮና ከአሮጌው ጋር የሚገናኝበት መስመር መሬት ሊደርስ ምንም አልቀረው። ስንጥቁ ሥር ላይ የጣት ጥፍር ታህል ቀርታለች፣ በሚቀጥለው ሞረድ ትሄዳለች። ፍሮጉ መዳፌን ያህላል። ሐኪሟ ሁለተኛ ራጅ አንስታ የሰኮናው ሥር እንደወፈረ አሳየችኝ። ተረከዙንም ያስቀድማል! ያን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልናገርም። ደብሊው ኤንድ ኦዲ በሚባለው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ጎን ከቪየና እስከ ፐርሰልቪል ለፈረስ የተሠራ የጠጠር መንገድ አለ፣ ባለፈው እሁድ እዚያ ሁለት ሰዓት ጋለብነው። ያለ ምንም ነገር ነው ብል ግን እዋሻለሁ። ጠጠሩ ሸካራ ሲሆን የፊት ቡቱን አድርጌለት ነበር። ምናልባት ሁልጊዜም ያስፈልገው ይሆናል።

ሂሳቡን ለምትጠይቁኝ፦ ለባለሙያዋ 780፣ ለሁለቱ ቡቶች 280፣ ለማዕድኑ 385፣ ለመግሉ 310፣ ለሁለት ራጅ 480፣ ለጠጠር 160። በድምሩ 2,395 ዶላር። በተመሳሳይ ጊዜ በብረት ብቀጥል በ220 ሒሳብ 1,760 ይሆን ነበር፣ ያ ተጨማሪ ፕላስቲክ ሳይቆጠር። ስለዚህ «ባዶ እግር ርካሽ ነው» የሚላችሁን አትመኑት። የመጀመሪያው ዓመት ውድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚቀለው።

እዚህ አሜሪካ ይህን ሥራ ለመሥራት የመንግሥት የሙያ ፈቃድ አይጠየቅም። ሞረድ የገዛ ሁሉ ባለሙያ ነኝ ማለት ይችላል። የአንድ ፈረስ የአንድ ዓመት ፎቶ በተከታታይ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ፤ ከሐኪም ጋር አብሮ መሥራት የማይወደውን ተዉት፤ ፈረሱ ከሞረድ በኋላ እያነከሰ «ሕመሙ የሕክምናው አካል ነው» የሚላችሁን ደግሞ በዚያው ቀን አሰናብቱት።

ከአገር ቤት «እኛስ?» ብላችሁ በውስጥ የጻፋችሁልኝ አላችሁ። የኛ ገጠር ፈረስ ችግር ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፣ ጫማ ሳይሆን መከርከም ነው የሚጎድለው፤ ታስሮ የከረመ ፈረስ ሰኮና ረዝሞ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ጭቃና እበት ውስጥ ቆሞ ይበሰብሳል። ደረቅ መቆሚያ ማዘጋጀትና በየቀኑ ሰኮናውን መጥረግ ገንዘብ አይጠይቅም። ቢሾፍቱ አካባቢ ከሆናችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያ ነው፣ ለጋሪ ፈረሶችና ለአህዮች የሚሠሩ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችም አሉ። በኔ ጽሑፍ ብቻ ሞረድ አንስታችሁ እንዳትጀምሩ፣ አደራ።

ባለፈው ሳምንት ለአባቴ በቪዲዮ ደውዬ የዳማን ሰኮና አንስቼ አሳየሁት። ስልኩን ዓይኑ ላይ አስጠግቶ ረጅም ጊዜ አየው። «ኧረ ይሄስ ሰኮና ነው» አለ። ከዚያ ቀጥሎ «አሁንም ትከፍላታለህ?» አለኝ።

እከፍላታለሁ። የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ በአበሻ። ከመጣች።